ሲነቃ የሚረሳ

ኦውሉ ላይ ጥር ነው፤ ወንዙ ረግቶ ቆሟል፣
የመስኮቴ ጠርዝ በበረዶ ታትሟል።
ሦስት ሳምንት ሆነኝ ደብዳቤው ከመጣ፦
«እስከ ማክሰኞ ማታ ቃል ከአፍ እንዳይወጣ።»
ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም።
ለባሌ አልነገርኩም፣
ለእህቴም አልነገርኩም፤
ሳውና ውስጥ እንኳ፣ ገላም ምስጢርም በሚራቆትበት፣
ስለ ድንች መወደድ አወራሁ፣ ላብ አሰጥሞኝ በሙቀት።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ፕሮሰሰር ችኩል ነው፤ እስኪታዘዝ አይቆይ፣
ይገምታል፣ ይሮጣል፣ «በኋላ ይታይ!»
ግምቱ ከሰመረ፣ ጊዜ አተረፈልን ብለን እናመሰግነዋለን፤
ከሳተም ይመለሳል፣ «አልሄድኩም» ይለናል፤ እናምነዋለን።
ስንት ዓመት አመንነው!
በረዶ ላይ ነበር እሱ የሚሮጠው።
ወደ ተዘጋው ጓዳ የሄደበት ዱካ፣
ሄዶ የተመለሰበት፣ እዚያው አለ ለካ፤
ጎንበስ ብሎ ጥልቀቱን በስንዝር የለካ
ሌባ፣ በር ሳይሰብር፣ ቁልፉንም ሳይነካ፣
የጓዳውን ሁሉ አንብቦ ይሄዳል።

መድኃኒቱ መጣ፦ ከአንድ ፎቶ የምታንስ ፋይል፣
ከፋብሪካው የታሸገች፣ ጥበብ የማይፈታት፣ ኃይል።
የማየው ቁጥሯን ነው፣ የተሠራችበትን ቀን።
እኔ፣ ነጠላ ሰረዝ የማላሳልፈው፣
የሰው ኮድ በወንፊት የምነፋው፣
ስሜን ከሥሯ ጻፍኩ፤ ያላነበብኩትን፣
ላንብብ ብልም የማልችለውን።
«ሐኪም ክኒን ሲሰጥሽ ሰንጥቀሽ ታያለሽ?» አለኝ ኡንቶ።
«አላይም። ግን ክኒኑን ለሚሊዮን ሰው አላድልም።»

ማክሰኞ፣ ምሽት አንድ ሰዓት። ለቀቅናት።
መጀመሪያ ከመቶ አንድ። ጠበቅን። ዝም።
ከመቶ አምስት። ዝም።
በእኛ ሙያ ዝምታ ምርቃት ነው፤
ደኅና ያደረ ሰው አይደውልም።
ከመቶ ሃያ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ከኬሚ፣
ከእንጨት መሰንጠቂያው፣ ታውኖ የሚባል ሰው።
«ኬርቱ ማለት አንቺ ነሽ?
ማሽኑ ‹እንደገና ልነሣ› ብሎ ተኛ፤ በዚያው ቀረ።
የሌሊት ፈረቃው፣ ሠላሳ ሰው፣ ጓንቱን አጥልቆ ተገተረ።»

«ሊነሣ ሲል አቋርጠው» አልኩት፤ «አንዲት ቃል ጻፍለት፣
አዲሱን እንዳይጭን ከልክልበት።»
ፊደሉን ሲመታ ሰማሁ፣ በወፍራም ጣት፣ አንድ በአንድ።
ከዚያ፣ ከሩቅ፣ መጋዙ አጉረመረመ።
«ነቃ» አለ። ትንሽ ዝም አለ።
«ታዲያ አሁን በሬ ክፍት ነው?»
«ክፍት ነው» አልኩት።
«እስከ መቼ?»
«አላውቅም።»
አልተቆጣም። መጋዙን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ግንዱን ከነበረዶው ሲገምሰው።

ለዚያ ሞዴል ሥርጭቱን አቆምኩ፤ ለቀሩት ቀጠለ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበረዶ መጥረጊያው መኪና በመስኮቴ ሥር አለፈ፤
ትናንት የጠረገውን መንገድ ሊጠርግ።
አይስቁበት፤ የእኔም እንጀራ ያው ነው።
ማይክሮኮድ ሲሊከኑ ላይ አይጻፍም፤
መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።
ፕሮሰሰሩ በነቃ ቁጥር እንደ ተሠራበት ቀን ችኩል ነው፤
በነቃ ቁጥር፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣
«ወደዚያ ጓዳ አትሩጥ» የሚለው ያሻዋል።
ይሰማል። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይታዘዛል።
ሲያጠፉት ይረሳል።

አሥር ሰዓት ተኩል። የኬሚው ስሕተት ተገኘ፤
የአሮጌው ሞዴል ቁጥር ከታናሹ ጋር ተምታቶ።
አረምኩ። ፈረምኩ። ላክሁ።
ታውኖ ጋ ደወልኩ፤ አላነሣም።
መጋዙ ይጮህበት ይሆናል።

ኮቴን ስደርብ፣ የራሴ ስክሪን ጥግ ላይ
ከምሽት አንድ ሰዓት ጀምሮ የቆመች ትንሽ መስኮት፦
«ለውጡ እንዲሠራ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሣ።
አሁን? ወይስ በኋላ?»
ሃያ መስኮት ከፍቻለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል።

በኋላ፣ አልኩት።